የአመድ አፋሾች ታሪክ፦ ከቢሾፍቱ ሬድ አሽ እስከ ካታሊስት

የመጽሔታችን አዘጋጆች «ስለ ሙያህ ታሪክ አንድ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ ቀድሞ አእምሮዬ ላይ የመጣው «አመድ አፋሽ» የሚለው አነጋገራችን ነው። አመድ አፋሽ ስንል ለፍቶ ምስጋና ያላገኘ፣ ደግ ሠርቶ እጁ ባዶ የቀረ ሰው ማለታችን ነው። እኔ የማወራው ግን ቃል በቃል አመድ ስለሚያፍሱ ኬሚስቶች ነው። ከፋብሪካ ቦይለር ሥር የወጣ አመድ በጆንያ ይዘው ላቦራቶሪ ይገባሉ፤ ዜኦላይት የሚባል ማዕድን ያደርጉታል፤ ብረት አዘል ውሁድ ይጨምሩበትና ካታሊስት ይዘው ይወጣሉ። በእኛ አገር ደግሞ ብዙዎቹ በሌላውም ትርጉም አመድ አፋሾች ሆነው ቀርተዋል።

ከአራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ በኬሚስትሪ ተመርቄ ከወጣሁ በኋላ የሥራ ዘመኔን የፈጀሁት በስምጥ ሸለቆው መስመር ባሉ ፋብሪካዎች የጥራት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ ቢሾፍቱ እኖራለሁ። ስለዚህ ታሪኩን የማየው ከሁለት ወገን ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው በኩልም፣ አመዱ ከሚከመርበት ግቢ በኩልም። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጻፍኩት ከጥናቶቹ ጋር እንዲገጥሙ ብዬ ነው።

ተራራ ያቃጠለው አመድ

ታሪኩ ከሰው በፊት ይጀምራል። ቢሾፍቱ በአመድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ አረንጓዴ ሐይቅና ቢሾፍቱ ሐይቅ ከመሬት ሥር የወጣ ቅልጥ አለት ውሃ ሲያገኝ ፈንድቶ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ብቻውን 87 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። በሐይቆቹ ገደል ላይ እንደ ቅጠል ተደራርቦ የሚታየው ግራጫ ንብርብር ከፍንዳታው ወዲያ የወደቀ አመድና ፍርስራሽ ነው። ግንበኞቻችን ከአካባቢው ኮረብቶች የሚቆፍሩትን ቀይ፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ «ሬድ አሽ» ብለው ነው የሚጠሩት። ለመንገድ ሙሌትና ለብሎኬት ይጭኑታል፤ ነጣ ያለው ዘመዱ ፑሚስ ደግሞ ሲሚንቶ ፋብሪካ ይገባል። ስሙን ማን እንዳወጣለት ባይነገርም ኬሚስት ቢጠየቅ የተሻለ አያወጣለትም ነበር።

የእሳተ ገሞራ አመድ በድንገት የቀዘቀዘ ብርጭቆ ነው። ውስጡ ሲሊኮን፣ አሉሚኒየምና ኦክስጅን አሉ፤ ነገር ግን ሰልፍ ለመያዝ ጊዜ አላገኙም። እንዲህ ያለ አመድ ሶዳ የበዛበት ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ቀስ በቀስ ይሟሟል። የተሟሟው ነገር በረጅም ዘመን እንደገና ሲደራጅ በሥርዓት የተቦረቦረ ማዕድን ይሆናል። ዜኦላይት ይሄ ነው።

ስሙን በ1756 ያወጣለት አክሴል ክሮንስቴት የተባለ ስዊድናዊ የማዕድን አጥኚ ነው። ድንጋዩን በእሳት ሲያግለው በውስጡ የያዘው ውሃ እየተንፈቀፈቀ ወጣ፤ እሱም በግሪክኛ «የሚፈላ ድንጋይ» አለው። ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ ዜኦላይት የሙዚየም ጌጥ ሆኖ ነበር የቆየው። በብዛት የሚገኘው የት እንደሆነ በደንብ የታወቀው በ1960ዎቹ ነው። ሪቻርድ ሄይ የተባለ አሜሪካዊ ጂኦሎጂስት በታንዛኒያ ኦልዱቫይና በኬንያ ማጋዲ አካባቢ ሠርቶ፣ በሶዳማ ሐይቆች ውስጥ የወደቀ የእሳተ ገሞራ አመድ ወደ ዜኦላይት እንደሚለወጥ አሳየ። ልብ በሉልኝ፤ ማጋዲና ኦልዱቫይ የዚሁ የእኛው ስምጥ ሸለቆ የደቡብ ጫፍ ወገኖች ናቸው። ሶዳማዎቹ ሻላና ጪቱም የማጋዲ የሥጋ ዘመዶች ናቸው። አመድን ወደ ካታሊስት አጥንት የመለወጥ ሥራ ኋላ ላይ በጀርመንና በጃፓን ላቦራቶሪዎች ቢሠራም፣ ተፈጥሮ የቀደመችው እዚህ ሰፈር ነው።

ሽማግሌው ድንጋይ

ኬሚስትሪ ላልተማራችሁ የሌላ ዲፓርትመንት ተመራቂዎች ሁለት ነገር ላስረዳ።

አንደኛ፣ ካታሊስት። ሁለት ቤተሰብ ሊጋባ ፈልጎ መንገዱ ሲጠፋው ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌው ነገሩን ያቀራርባል፣ ያስማማል፣ መርቆ ይወጣል፤ እሱ ራሱ አያገባም። ነገም ለሌላ ቤት ሽምግልና ይሄዳል። ካታሊስትም እንደዚሁ ነው። ያለ እሱ ብዙ ሙቀትና ብዙ ጊዜ የሚፈልገውን ለውጥ ያፋጥነዋል፤ ራሱ ግን ሳያልቅ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ ዜኦላይት ለሽምግልና ለምን ተመረጠ? ውስጡ በሙሉ ክፍልና በር ነው። በሮቹ ከአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ እጅ ያነሱ ናቸው፤ ዜኦላይት ዋይ በሚባለው ዓይነት የበሩ ስፋት 0.74 ናኖሜትር ያህል ሲሆን፣ ውስጡ ያለው ክፍል ደግሞ ወደ 1.3 ናኖሜትር ይሰፋል። ትንሹ ሞሌኪውል ይገባል፣ ትልቁ ደጅ ይቀራል፤ ወንፊት በሉት። በተጨማሪም ሲሊኮን በነበረበት ቦታ አሉሚኒየም በተተካ ቁጥር አጥንቱ አንድ አሉታዊ ኃይል ይሸከማል። ያንን ለማመጣጠን ሶዲየም ይጠጋዋል። ሶዲየሙ ደግሞ ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደለም፤ መዳብ፣ ብረት ወይም ኮባልት ሲመጣ ቦታውን ይለቃል። በሃይድሮጅን ሲተካ ደግሞ ድንጋዩ እንደ ጠንካራ አሲድ ይሠራል።

ይህን ድንጋይ በላቦራቶሪ በመሥራት ሪቻርድ ባረር መንገዱን ጠረገ። ከዚያ በ1940ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ዩኒየን ካርባይድ ኩባንያ ሮበርት ሚልተን ዜኦላይት ኤንና ዜኦላይት ኤክስን ሠራ፤ በ1954 ለገበያ ቀረቡ። በ1962 ሞቢል ኩባንያ ዜኦላይትን ከባድ ዘይት ለመሰነጣጠቅ ካታሊስት አድርጎ ሲያስገባው የነዳጅ ማጣሪያ ዓለም ተለወጠ፤ ከአንዱ በርሜል ድፍድፍ ዘይት የሚገኘው ቤንዚን በጣም ጨመረ። የሙዚየሙ ጌጥ በስንት ዘመኑ ሥራ ያዘ ማለት ነው።

ከጭስ ማውጫ ሥር

እስከዚህ ድረስ ዜኦላይት የሚሠራው ከንጹሕ ኬሚካል ነበር። ወዲያ ማዶ ደግሞ የድንጋይ ከሰል የሚያነዱ የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች ከጭስ ማውጫቸው የሚያጠምዱት ደቃቅ አመድ ተራራ አክሎ ነበር። ይህ አመድ ሲሊካና አሉሚና የበዛበት ብርጭቆ ነው፤ በሌላ አነጋገር ሰው የሠራው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በ1985 ሁለት ጀርመናውያን፣ ሆለርና ቪርሺንግ፣ ይህን አመድ ከአልካላይ ውሃ ጋር በማሞቅ ዜኦላይት ማግኘት እንደሚቻል አሳተሙ። ሐይቁ በሺህ ዓመታት የሚሠራውን ማሰሮው በሰዓታትና በቀናት ሠራው።

አንድ ችግር ነበር። በአመዱ ውስጥ ብርጭቆ ሆኖ ያልቀረ፣ ኳርትዝና ሙላይት የሚባል እልኸኛ ክፍል አለ፤ በሙቅ ውሃ ብቻ አይበገርም። በ1993 ሺገሞቶ የተባለ ጃፓናዊና ባልደረቦቹ መፍትሔ አመጡ። አመዱን አስቀድሞ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ቀላቅሎ በ550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ማቅለጥ። እልኸኛው ክፍል ተሰብሮ በውሃ የሚሟሟ ጨው ይሆናል። ከዚያ ውሃ ተጨምሮ ይበጠበጣል፤ እንደ ጠላ ጥንስስ ለተወሰኑ ሰዓታት ይቀመጣል፤ ቀጥሎ 100 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል። ሲጣራና ሲታጠብ ነጣ ያለ ዱቄት ይቀራል። «አመድ በዱቄት ይስቃል» ይባል የለ? እዚህ ላይ አመዱ ራሱ ዱቄት ሆኖ ቁጭ!

ዜኦላይቱ ብቻውን ለአንዳንድ ሥራ ይበቃል። ለሌላው ግን ብረት አዘል ውሁድ ይፈልጋል። እንዲህ ዓይነቱ ውሁድ መሐሉ ላይ እንደ ኮባልት ወይም ብረት ያለ አንድ አቶም፣ ዙሪያውን ደግሞ አቅፎ የያዘው የካርቦንና የናይትሮጅን ቀለበት ያለው ነው። የደማችን ሂሞግሎቢን ኦክስጅን የሚሸከመው በዚህ ዓይነት አሠራር ነው። ውሁዱ ጎበዝ ካታሊስት ነው፤ ነገር ግን ፈሳሽ ውስጥ ሲለቀቅ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ይሞታል፤ ከሥራ በኋላም ለቅሞ መልሶ መጠቀም ከባድ ነው። በ1986 በዱፖንት ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኖርማን ሄሮን ጥሩ ዘዴ አሳተመ። መጀመሪያ ኮባልቱን በዜኦላይት ዋይ ክፍሎች ውስጥ አስገባ። ቀጥሎ ቀለበት የሚሆነውን ሞሌኪውል፣ ተጣጥፎ በበሩ የሚያልፈውን፣ ላከበት። ሁለቱ ክፍሉ ውስጥ ተገናኝተው ውሁዱን ሠሩ፤ ውሁዱ ደግሞ ከበሩ ስለሚበልጥ መውጣት አልቻለም። ሄሮን «መርከብ በጠርሙስ ውስጥ» አለው። እኛ ብንሆን «ቅል ውስጥ የበቀለ ዱባ» እንለው ነበር፤ በአንገቱ አልገባም፣ በአንገቱም አይወጣም።

ጥቅሙ ምንድን ነው? እያንዳንዱ ውሁድ የራሱ ክፍል ስላለው ከጎረቤቱ ጋር አይጣበቅም። ሥራው ሲያልቅ ዱቄቱ ተጣርቶ ይወጣና እንደገና ይገባል። በብረት ወይም በመዳብ ውሁድ የተሞላ ዜኦላይት ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሆኖ የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያን ይሰባብራል። ለእኛ ይሄ ነው ትልቁ ነገር። በአንድ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ በአንድ በኩል የቦይለር አመድ፣ በሌላ በኩል ቀለም ያለው ፍሳሽ ካለ፣ አንዱን ቆሻሻ ለሌላው መድኃኒት ማድረግ በመጽሐፍ ያለ፣ የተሞከረ ኬሚስትሪ ነው።

የእኛው ሸለቆ

አሁን ወደ አገር ቤት። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ሲያስጀምር፣ ጭማቂው የወጣለት የአገዳ ገለባ ለቦይለር ማገዶ ሆነ። ባጋስ እንለዋለን። ባጋስ ሲነድ የሚቀረው አመድ አብዛኛው ሲሊካ ነው። በዚያው በወንጂ ታሪክ ውስጥ ሌላ፣ የሚያሳዝን ምዕራፍ አለ። ሠራተኞቹ ይጠጡት የነበረው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። ይህም ያው የእሳተ ገሞራ አለት ጣጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ እንዳይኖር ይመክራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ሬዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ በስምጥ ሸለቆው ተወልደው ካደጉት የተመረመሩ ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው በፍሎራይድ የተጎዳ ነበር። አጥንታቸው ደርቆ ጎብጠው የቀሩ የወንጂ ጡረተኞችን በዓይናችን ያየን እዚህ መካከል ብዙ ነን።

የእኛዎቹን ኬሚስቶች ወደ አመድና ወደ ዝቃጭ የገፋቸው ይሄው የውሃ ችግር ነው። ከአዳማ አለፍ ብሎ አዋሽ መልካሳ የአሉሚኒየም ሰልፌትና የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ አለ፤ ምርቱ አልም ለመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ይውላል። አልም ሲሠራ የሚቀር ዝቃጭ አለ። በ2006 ሽመልስ፣ ፈለቀ ዘውጌና ቻንድራቫንሺ በአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ፍሎራይድን ስለማስወገድ በኢትዮጵያ ኬሚስትሪ ማኅበር ቡለቲን ላይ ጻፉ። በ2007 ደግሞ ንጉሤ፣ ፈለቀና ቻንድራቫንሺ ከአልም ማምረቻ የሚቀረው ዝቃጭ ራሱ ፍሎራይድን ከውሃ ውስጥ እንደሚይዝ በዓለም አቀፍ መጽሔት አሳተሙ። አስቡት፤ ውሃ የሚያጠራው ፋብሪካ የጣለው ነገር ራሱ ውሃ ያጠራል።

በ2012 ብሩክ ኃይሉና አበበ ድንቁ የወንጂን የባጋስ አመድ ወስደው በከፊል ሲሚንቶን ሊተካ እንደሚችል በራሳችን የምሕንድስና መጽሔት፣ በዘዴ፣ ላይ አስነበቡ። በዚያው አስርት ዓመት ውስጥ የአራት ኪሎው ኬሚስትሪ ዲፓርትመንት ከማድሪድ የካታሊስት ምርምር ተቋም ጋር አብሮ ሠራ። ዮናስ ጨቡዴ፣ ልጃለም አየለ፣ ኢዛቤል ዲያዝና ሌሎቹ በመጀመሪያ የኢትዮጵያን የተፈጥሮ ዜኦላይት ለፍሎራይድ ሞከሩ፤ ቀጥሎ ከኢትዮጵያ ካኦሊን ዜኦላይት ኤ ሠሩ። ካኦሊኑ ደረጃው ዝቅ ያለ በሆነ ጊዜ ያው የሺገሞቶን የማቅለጥ ዘዴ ተጠቀሙ። የተሠራው ዜኦላይት ለልብስ ማጠቢያ ዱቄት እንደሚሆንም ፈተሹ።

«ይህ ሁሉ የውሃ ማጣሪያ፣ ሲሚንቶና ሳሙና ነው፤ ካታሊስቱ የታለ?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ እነሆ። ከዜኦላይት እስከ ካታሊስት ያለው ርቀት ከአመድ እስከ ዜኦላይት ካለው በጣም ያንሳል። ከባዱ ሥራ አጥንቱን መሥራት ነው። ሶዲየሙን በመዳብ መተካት የአንድ ቀን የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ አጥቦ፣ ማድረቅ። የእኛ ሰዎች ከባዱን ግማሽ በካኦሊን ሠርተው አሳይተዋል። ካኦሊኑን በአመድ መተካት ደግሞ የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ የባጋስ አመድ ሲሊካ ሲኖረው አሉሚና ያንሰዋል፣ ካኦሊን ደግሞ አሉሚና አለው። ዜኦላይት ኤ አንድ ለአንድ ይፈልጋል፣ ዜኦላይት ዋይ ሲሊካውን አብዝቶ ይፈልጋል። እንደ በርበሬና ቅመም ነው፤ ልኩን ማወቅ ነው።

ለምን መደርደሪያ ላይ ቀረ?

የፋብሪካውን ወገን ስለማውቀው፣ ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ወገን ላይ መደፍደፍ አልፈልግም። በእውነት ከባድ የሆኑ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው አመዱ ራሱ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ አመድ አንድ ናሙና ነው፤ ግቢ ውስጥ ግን በየቀኑ ሌላ ነው። ባጋሱ እርጥብ ከሆነ በደንብ ስለማይነድ አመዱ ጥቁር ከሰል ይሆናል። እሳቱ ከልክ በላይ ከጋለ ደግሞ ሲሊካው ወደ ጠጣር ክሪስታል ተለውጦ አልሟሟም ይላል። ጥሩ አመድ የሚገኘው የቦይለር ሠራተኛው ሙቀቱን ሲጠብቅ ነው። ለእንፋሎት እንጂ ለአመድ ጥራት ደግሞ ማንም ደመወዝ አይከፍለውም።

ሁለተኛው ሶዳው ነው። የማቅለጥ ዘዴ ከአመዱ ክብደት የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ አልካላይ ይፈልጋል። ሸለቆአችን ሶዳ አለው፤ ከአብያታ ሐይቅ ውሃ በፀሐይ ሙቀት እየተተነ ሶዳ አሽ ተመርቷል። ነገር ግን የአብያታን መሸሽ ያየ ሰው «ሶዳ ሞልቶናል» ብሎ ለመናገር አይደፍርም። ከሥራው በኋላ የሚተርፈው አልካላይ ውሃም እንዲሁ ወንዝ ውስጥ ከተለቀቀ ያዳነውን ያህል ይጎዳል። ስለዚህ ውሃውን መልሶ መጠቀም የግድ ነው።

ሦስተኛው ተፎካካሪው ነው። ሲሚንቶ አመድን እንዳለ ይቀበላል፤ ማቅለጥ የለ፣ ማጠብ የለ። ለዚህ ነው የአመድ ሁሉ ቀላሉ መንገድ ወደ ሲሚንቶ የሚሆነው፤ ክፉ መንገድም አይደለም። ካታሊስት የሚፈልገው አመድ ከክምሩ ጥቂቱ ነው። እንዲያውም «አመዱን ሁሉ በካታሊስት እንጨርሰዋለን» የሚል ሰው ቢመጣ አትመኑት።

አራተኛው፣ አመድ ሁሉ አንድ አይደለም። በ2018 አዲስ አበባ ረጲ ላይ የተመረቀው የቆሻሻ ማመንጫ የሚያወጣው ዓይነት አመድ ከባትሪና ከፕላስቲክ የመጣ እርሳስና ካድሚየም ሊይዝ ይችላል። እንዲህ ያለው አመድ መጀመሪያ መመርመር አለበት፤ ለመጠጥ ውሃ ማጣሪያ የሚሆን ነገር ከእሱ ልሥራ ማለት ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

እነዚህ አራቱ ግን የኬሚስት ችግሮች ናቸው፤ ኬሚስት ይፈታቸዋል። አምስተኛው ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። በአንድ ፋብሪካ ስሠራ (ስሙ ይቅር) በየዓመቱ ማለት ይቻላል አንድ የማስተርስ ተማሪ ደብዳቤ ይዞ ይመጣ ነበር። ሁለት ኪሎ አመድ ይወስዳል፣ አመስግኖ ይሄዳል። ተማሪው ይመረቃል፤ ቴሲሱ ቤተ መጻሕፍት ይገባል። እኛ ዘንድ ግን ውጤቱ ተመልሶ አይመጣም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ ያንኑ አመድ ወስዶ ያንኑ የሲሊካ መጠን እንደገና ይለካል። አንድ ጊዜ አለቃዬን «ይሄ አመድ እኮ ዋጋ አለው» ብለው፣ «ዋጋ ካለው ገዢውን አምጣልኝ» አለኝ። ሰውየው አልተሳሳተም። የጠየቀው ጥያቄ ግን በየትኛውም ቴሲስ ውስጥ አልተጠየቀም፤ ተማሪው ገዢ እንዲፈልግ ማንም አላዘዘውማ።

የቁንጮ ጤፍ ትምህርት

ይህ እጣችን ነው ብዬ አላምንም። ማስረጃዬም ከቤቴ ብዙ ሳይርቅ ነው ያለው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በ2006 ቁንጮ የተባለውን የጤፍ ዝርያ ለቀቀ። ነጭነቱን ከማኛ፣ ምርታማነቱን ከዱከም ዝርያ አዋህደው ያወጡት ነው። ማዳቀሉ ትልቅ ሳይንስ ነው፤ ነገር ግን ቁንጮን ቁንጮ ያደረገው ከዚያ በኋላ የመጣው ሰንሰለት ነው። ዘሩን የሚያባዛ አለ፣ ገበሬው ማሳ ላይ አምጥቶ የሚያሳይ አለ፣ «ምን አስቸገረህ?» ብሎ ጠይቆ ወደ ማዕከሉ የሚመለስ የልማት ሠራተኛ አለ። ተመራማሪው ወረቀቱን አሳትሞ ቢቀመጥ ኖሮ ቁንጮም እንደ አመዳችን መደርደሪያ ላይ ነበር የሚቀረው።

በኢንዱስትሪ በኩል የልማት ሠራተኛ የለንም። በላቦራቶሪና በቦይለር ክፍል መካከል የሚመላለስ፣ የሁለቱንም ቋንቋ የሚናገር ሰው ነው የጎደለን። እኔ እንደሚመስለኝ ደግሞ ያ ሰው በዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል አለ። ከእኛ ከተመራቂዎቹ ስንቶቻችን ነን በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በሞጆ፣ በዱከምና በአዳማ ፋብሪካዎች ያገለገልነው፣ አሁንም የምናገለግለው? ስንቶቻችን ነን የጥራት ክፍል ኃላፊ፣ የምርት ኃላፊ፣ የግዢ ኃላፊ የሆንነው? መምህራኖቻችን አመድ የሚለምን ደብዳቤ ለማያውቁት ሰው ይጽፋሉ፤ ተቀባዩ ግን የራሳቸው የቀድሞ ተማሪ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። ሦስቱም ትልቅ ገንዘብ አይጠይቁም።

አንደኛ፣ የአመድ መዝገብ። በየፋብሪካው ያለን ሰዎች በወር አንድ ናሙና በንጹሕ ዕቃ እንያዝ። ላዩ ላይ ቀኑን፣ የማገዶውን ዓይነትና የእሳቱን ሙቀት እንጻፍበት። የሳይንስ ፋኩልቲው አንድ ቁም ሣጥን ቢሰጠን በዓመቱ ተማሪ ሁሉ የሚጠቀምበት ስብስብ ይኖረናል፤ አመዱ ከወር ወር ምን ያህል እንደሚለዋወጥም ያን ጊዜ በቁጥር ይታወቃል።

ሁለተኛ፣ የቴሲስ መመለሻ። ከፋብሪካ ናሙና የወሰደ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ለፋብሪካው ሁለት ገጽ በአማርኛ ይጻፍ። ምን አገኘ፣ በኪሎ ምን ያህል ያስወጣል፣ ምን ይቀረዋል። መምህራን ይህን የግምገማው አካል ቢያደርጉት የአለቃዬ ጥያቄ ቢያንስ ጠያቂ አያጣም።

ሦስተኛ፣ አንድ ሥራ መርጦ እስከ መጨረሻው መሄድ። ሃያ ዓይነት ካታሊስት ከመጀመር አንዱን መጨረስ ይሻላል። የእኔ ምርጫ ከባጋስ አመድና ከካኦሊን የተሠራ፣ ብረት ወይም መዳብ የተሸከመ፣ የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ፍሳሽን የሚያጠራ ዱቄት ነው። ጥሬ ዕቃው እዚህ አለ፣ ችግሩም እዚህ አለ፣ የጥራት ደረጃውም ለነዳጅ ማጣሪያ ከሚያስፈልገው ይቀላል። ስንት ጊዜ ተመላልሶ ይሠራል? ብረቱ ወደ ውሃው ይፈታል ወይስ አይፈታም? አንድ ሜትር ኪዩብ ፍሳሽ ለማጥራት ስንት ብር ያስወጣል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የሚመልስ ሥራ ከአሥር አዲስ የናሙና ትንታኔ ይበልጥብኛል። የተሻለ ሐሳብ ያለው ይምጣ፤ ለመከራከር ዝግጁ ነኝ።

ክሮንስቴት ድንጋዩ ሲፈላ ካየበት ቀን ጀምሮ ድንጋዩ ሥራ እስኪያገኝ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። በአልም ዝቃጭ ላይ የተጻፈው ጥናታችን ገና ሃያ ዓመት አካባቢው ነው፤ ከረፈደም አልረፈደም። ነገር ግን እነዚያን ጥናቶች የሠሩት መምህራን እያረጁ፣ ተማሪዎቻቸውም እየተበተኑ ነው። የቦይለሩን ጠባይ የሚያውቁት ሠራተኞችም እንደኔ ጡረታ እየወጡ ነው። የሚጠፋው አመድ አይደለም፤ አመድማ በየቀኑ ይወጣል። የሚጠፋው የሚያውቀው ሰው ነው።

በዘንድሮው ስብሰባችን ላይ በመመዝገቢያው ጠረጴዛ አጠገብ አንድ ደብተር አስቀምጣለሁ። በምትሠሩበት ወይም በሠራችሁበት ፋብሪካ ምን ዓይነት አመድ ወይም ዝቃጭ እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚነድና አሁን የት እንደሚጣል በአንድ መስመር ጻፉልኝ። የአባላቱን መስመር ሰብስቤ ለኬሚስትሪ ዲፓርትመንት አስረክባለሁ፤ የደረሰበትንም በሚቀጥለው መጽሔት አሳውቃችኋለሁ።